የማካሮኒ ካርቶንና የጠቆረ መስታወት

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ልጄ ሐያት ናት፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሁለተኛዋ እናቷ ዘሐራ ናት። ሦስተኛዋ ከጓሯችን ካለችው አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረችው የሳይንስ አስተማሪ፣ መምህርት ስንዱ ናት። አራተኛው አጎቴ እንድሪስ ነው፤ ነገሩ ከመሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት የሞተ፣ እጁ አለበት ብዬ ኋላ እንደሌለበት የገባኝ ሰው ነው። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ሙሔ፤ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት ያልረገጥሁ፣ ራዲዮና ቴፕ፣ ኋላም ሞባይል እየፈታሁ በራሴ የተማርሁ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ የተበላሸ ነገር ያለው ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው። ስሜን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ከትሕትና አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብጽፈው ወረቀቱን ቀድጄ እንደምነሳ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ቁምሳጥኑን ስላረሰረሰው ከግድግዳው ላርቀው ብዬ ስገፋው፣ ከላዩ አንድ ካርቶን ተንሸራቶ ደረቴ ላይ አረፈ። የማካሮኒ ካርቶን ነው። አቧራውን እፍ ስለው ቀድሞ የመጣብኝ ሽታው ነበር፤ ልጆች ወረቀት ለማጣበቅ የሚያበጁት የስንዴ ዱቄት ሙጫ ለዓመታት ደርቆ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ ጋር ተዋህዶ የሚሸተው ሽታ። በአንድ ጫፉ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ መካከል መርፌ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። በሌላው ጫፍ፣ በውስጥ በኩል፣ ነጭ ወረቀት፤ ከሥሩ ደግሞ ፊት አስገብተው የሚያዩበት ቦታ ተቆርጧል። ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ በተቀረጸ የልጅ ፊደል፣ «የሐያት የፀሐይ ቤት» ይላል። ቁምሳጥኑ ላይ የሰቀልሁት እኔ ነበርሁ። ካርቶኑን እንደታቀፍሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ፤ የጣሪያው ውሃ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ ወደዚያ ዓመት ተመለስሁ።

በሽታው መጥቶ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ዓመት ነበር። ሰው አፉን ሸፍኖ ይሄዳል፣ ሰላምታ በክርን ሆኗል፣ የከተማው ልጅ ሁሉ ደብተሩን ጥሎ መንገድ ላይ ወጥቷል። እኔ ግን ልጄን መንገድ ላይ አላወጣም ብዬ ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ በርጩማ አስቀመጥሁላት። ሥራ የፈታ እጅ ሰይጣን ይቀጥረዋል፤ ይህን ዛሬም አምናለሁ። ሁለት ሕግ አወጣሁ። ሥራ ላይ ማልቀስ የለም። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መነሳት የለም። ሕጎቹን ስናገር ጣቴን ሰቅዬ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እሷም ጣቷን ሰቅላ ደገመቻቸው፤ ማላገጥ መስሎኝ ልቆጣት ስል የምሯን ነበር።

ያ ወቅት በሕይወቴ ከነበሩት ወቅቶች ሁሉ የተሻለው ነበር ብል አልዋሽም፤ የሚከብደኝም ይኸው ነው። በየጥጉ ተጥሎ የነበረው ዕቃ ሁሉ በሐያት እጅ ነፍስ ዘራ። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ክንፎቹን ጠምዝዛ፣ በአጥሩ ግንድ ላይ የነፋስ መዘውር ተከለች፤ ከከተማችን በላይ ካለው ከቦረና ደጋ የሚነሳው ነፋስ ሲመጣበት እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ይሽከረከር ነበር። ከሁለት የጫማ ቀለም ክዳንና ከክር ሚዛን ሠርታ የእናቷን የጋብቻ ቀለበት በምስር ፍሬ መዘነችው። «ወርቄን በምስር? ያ ረቢ፣ ነገ ደግሞ እኔን በሽሮ ትመዝኚኛለሽ!» አለች ዘሐራ፤ ጎረቤት ሁሉ ለሳምንት ሲስቅበት ከረመ። በሁለት የወተት ጣሳና በረጅም ክር ከጠረጴዛዬ እስከ ማድቤት ስልክ ዘረጋችልን፤ ዘሐራ ግን «ምሳ ደርሷል» ስትል ጣሳው ውስጥ የምትጮኸው ጩኸት ያለ ጣሳም እስከ ገበያው ይሰማ ስለነበር የስልኩን ጥቅም ማረጋገጥ አልቻልንም። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣ በአሸዋና በከሰል ሞልታ የመንገድ ውሃ አጣራችበት። ጥርት ብሎ ወጣ። ደንበኞቼ ፊት አንድ ብርጭቆ ሰጠችኝ፤ እኔም አባት ነኝና ጠጣሁ። ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ዋልሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም፤ ዛሬ ነው የምናገረው።

እጇ ቀጥ ያለ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በመበየጃ ስታያይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የእናቷን መርፌ ክር የምታስገባላት እሷ ነበረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሳትመለስ፣ ምራቅ እንኳ ሳትነካው። ጠረጴዛዬን የምትረከበው እሷ እንደሆነች ለራሴ ወስኜ ነበር። ሌላ ሀብት የለኝም፤ የማወርሰው ያን ነበር።

መምህርት ስንዱ የደሴ ልጅ ናት። ያኔ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ ወጥታ ከሐያት ጎን ትቀመጥና እኔ የማልወደውን ነገር ታደርግ ነበር፤ ትጠይቃታለች። ሐያት «ይህ ለምን ሆነ?» ስትላት መልሱን እያወቀች «አንቺስ ለምን ይመስልሻል?» ትላታለች። እኔ ልጄ ስትጠይቀኝ እመልስላት ነበር፤ መልስ የሌለው አስተማሪ ምን አስተማሪ ይባላል? ቀስ በቀስ ግን ሐያት ጥያቄዋን ከእኔ ጠረጴዛ ወደ ጓሮው በር ይዛ መሄድ ጀመረች። ሰው ራሱን ያስተማረ እንደሆነ አንድ በሽታ አብሮት ያድጋል፤ ዲፕሎማ ያለው ሰው በተናገረ ቁጥር እሱን የሰደበው ይመስለዋል። ይህን በሽታዬን ያኔ «ልጄን መጠበቅ» ብዬ እጠራው ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ልትጠቁር ነው የሚል ወሬ በራዲዮ ተነገረ። ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ሐያትን ግቢው መካከል አገኘኋት፤ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ የማካሮኒ ካርቶን ፊቷ ላይ ደፍታ ቆማለች።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ፀሐይን፣ አባየ።»

«ፀሐይማ ከኋላሽ ናት።»

«አዎ! ከኋላየ ሆና በቀዳዳዋ ትገባና ወረቀቱ ላይ ትታያለች። ካርቶኑን ባለሱቁ በነፃ ሰጠኝ።»

መምህርት ስንዱ ከበሯ ላይ ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ አሁን አውቀዋለሁ። «ጋሽ ሙሔ፣ ይምጡ እርስዎም ይዩ፤ ትንሽ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ጎንበስ አልልም ብዬ ቤት ገባሁ።

አጎቴ እንድሪስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንድሪስ ከአሮጌ ጣሳ ኩራዝ እየሠራ ይሸጥ የነበረ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። ልጅ ሳለሁ እንዲሁ ፀሐይ የጠቆረች ቀን፣ የመስኮት መስታወት ስባሪ በኩራዝ ጭስ አጥቁሮ፣ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ፣ ዓይኔ ላይ አድርጎልኝ ነበር። እንደ ተገመጠ ቂጣ ሆና አየኋት። ያን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ በሠርግ ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ ለደንበኛ፣ ለሐያትም ከእንቅልፏ በፊት። በተናገርሁት ቁጥር መስታወቱ እየሳሳ፣ ያየሁበት ጊዜ እየረዘመ፣ እኔም እየጀገንሁ ሄድሁ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ የሚጣፍጠውን ይይዛል፤ የሚያድነውን ይጥላል። የኔን የጣልሁትን ያወቅሁት ዘግይቶ ነው።

እሑድ ጠዋት መካነ ሰላም በጉም ተሸፍና ነበር። የሰኔን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጥሩ አይታይም፣ ዶሮው ከየት እንደሚጮህ አይለይም፣ ፀሐይ ራሷ እንደ ደከመ ፋኖስ ፈዝዛ ትንጠለጠላለች። ዘሐራ ውዱእ አድርጋ መስገጃዋን ዘርግታለች። «ዛሬ የሚሰገድበት ቀን ነው እንጂ ታዛ ላይ ቆሞ የሚታይበት አይደለም፤ ልጅቱን ተዋት» አለችኝ። ሐያት ካርቶኗን ታቅፋ ደጃፍ ቆማለች። ካርቶኑን ከእጇ ወሰድሁት። «ይህ የፈሪ ሣጥን ነው። ማወቅ የፈለገ ሰው ለሚያውቀው ነገር ጀርባውን አይሰጥም» አልኋትና ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ፣ ቀደም ብዬ ኩራዝ ላይ ያጠቆርሁትን የመስኮት መስታወት ሰጠኋት።

መምህርት ስንዱ ጋቢዋን እንደደረበች በሩጫ መጣች። «ጋሽ ሙሔ፣ በመስታወት አይሆንም! ፀሐይ ዓይንን ሳታሳምም ነው የምታቃጥል፤ ልጅቱ አይታወቃትም!»

«አንቺ በደመወዝሽ በክፍልሽ አስተምሪ» አልኋት። «በቤቴ እኔ አለሁ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቷ ሲቀየር አይቻለሁ። ደስ ብሎኝም ነበር። አልሸሽግም።

ሐያት ግራ ዓይኗን ጨፍና በቀኙ መስታወቱን ተመለከተች። «አባየ፣ ምንም አይታይም፤ ጨለማ ነው።» እውነቷን ነበር፤ ጥቀርሻው ወፍራም፣ ጉሙም ከላይ። መስታወቱን ተቀብዬ በአውራ ጣቴ መካከሉን ጠረግሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሳስቶ ቡናማ እስኪሆን። መልሼ ሰጠኋት። «አየኋት! ተገምጣለች፣ አባየ!» ብላ ዘለለች። «አትዝለዪ። በደንብ እያየሽ እስከ መቶ ቁጠሪ፤ ከዚያ ያየሽውን ትስይልኛለሽ። የጀመሩትን ሳይጨርሱ…» «መነሳት የለም!» ብላ ጨረሰችው። ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።

ጉሙ የተገለጠው ሠላሳን አልፋ ስትቆጥር ነው። ያወቅሁትም በጥላዬ ነው፤ መሬቱ ላይ ድንገት ጥላ አወጣሁ። ደስ አለኝ፤ አሁን በደንብ ታያለች ብዬ። መምህርት ስንዱ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ ድምፅዋ ተሰብሯል፤ «መሬቱን ይዩ፣ ጋሽ ሙሔ። እባክዎ መሬቱን ይዩ» አለችኝ። ዝቅ ብዬ አላየሁም። ኋላ ሳስታውሰው ግን ዓይኔ ጥግ ላይ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ካለው ወይራ ሥር፣ በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ሁሉ ወደ ትንንሽ ማጭድ ተለውጦ መሬቱን ሞልቶት ነበር። ፀሐይዋ ሳይነኳት፣ ሳታቃጥል፣ እንደ ተገመጠች እግሬ ሥር ተነጥፋለች፤ እኔ ላይዋ ላይ ቆሜ ልጄን ወደ ላይ አሳያለሁ።

መቶ ሞላ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ የለማ። የሳለችውን ማጭድ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ለመጣ ለሄደው አሳየሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስብ ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር። ሐያት ስታነብ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ «ምነው?» ስላት «አቧራ ነው» ትለኛለች። መበየጃ ስሰጣት «ዛሬ ደከመኝ» ትላለች። ደከመኝ ብላ የማታውቅ ልጅ። ስንፍና ጀመራት ብዬ ተቆጣኋት። እውነቱን ያገኘችው እናቷ ናት፣ በመርፌ። አንድ ቀን ክር እንድታስገባላት ሰጠቻት፤ ሐያት ክሩን ከመርፌው ዓይን ጎን፣ በባዶው አየር ውስጥ አሳለፈችው። እንደገና አሳለፈችው። እንደገና። ዘሐራ መርፌውን ከእጇ ወስዳ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና «ፊቴ ይታይሻል?» አለቻት።

«ዙሪያሽ ይታየኛል፣ እማየ። መሐሉ ነው የሌለው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከፀሐይዋ ቀን ጀምሮ። አባየ መምህርት ፊት እንዳያፍር ብየ ነው።»

ዘሐራ ይህን ስትነግረኝ አልጮኸችም። የነገረችኝ ራዲዮ ስፈታ ነው፤ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል እደረድር ነበር፤ እስከ ዛሬ ያን ራዲዮ አልገጠምሁትም።

ደሴ ወሰድኋት። በአቀስታ ከተማ ስናልፍ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ ያንዘፈዝፈን ነበር፤ በጋቢዬ አቅፌያት፣ ምን እላለሁ ምን እላለሁ እያልሁ ሄድሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በመሣሪያው ብዙ አያት፤ ከዚያ የሚታይበት መካከለኛው ቦታ ተቃጥሏል፣ መነጽርም መድኃኒትም አይመልሰውም፣ ሌላው ዓይን ግን ደህና ነው አለ። ፀሐይን በመስታወት እንዳየች ስትነግረው ድምፁ ቁጣ ገባበት። «ማን ነው ፀሐይ በመስታወት እዪ ያለሽ?»

ሐያት እኔን አላየችም። «ማንም። እኔ ራሴ ነኝ» አለች።

 ልጄን ውሸት እንድትጠላ በዱላ ጭምር ያሳደግሁ እኔ፣ በሐኪም ፊት በልጄ ውሸት ተከለልሁ። ሐኪሙ «እንግዲህ ልጅ ነሽ፤ አብሽሪ» ብሎ ራሷን ዳበሳት። የተዳበሰው ጥፋት የኔ ነበር። ያን ክፍል ለቅቀን ከወጣን አምስት ዓመት አለፈ፤ ዛሬ በዚህ ወረቀት ላይ ነው መልስ የምሰጠው።

ከደሴ መልስ ወደ እናቴ ሄጄ ነገሩን ሁሉ አጫወትኋት፤ ከእኔ አውርጄ እንድሪስ ላይ ልጭነው ነበር ሐሳቤ። «እሱ እኮ ነው እንዲህ ያስተማረኝ» አልኋት። አሮጊቷ ትክ ብላ አየችኝ። «እንድሪስ? እንድሪስ'ኮ አንዴ ቢስሚላህ እስክትል ብቻ ነው ያሳየህ። ከዚያ መስታወቱን ነጥቆ ድንጋይ ላይ ከሰከሰው፣ ሌላ ልጅ እንዳያገኘው ብሎ። ድገመኝ ብለህ እስኪመሽ አልቅሰህ የለ እንዴ?» አለችኝ። አላስታውስም ነበር። ወላሂ፣ መስታወቱ ሲሰበር አላስታውስም ነበር።

መምህርት ስንዱ በዓመቱ ቤት ቀየረች። አልተጣላንም፤ ቁልፉን ለዘሐራ አስረክባ፣ ሐያትን ስማ ሄደች። እኔ ያን ሰዓት ባለሱቁ ጋ ነበርሁ፤ የሄድሁት ግን ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። የነፋሱ መዘውር ማንም ዘይት ሳይቀባው ዝጎ አንድ ቀን ወደቀ። ሐያት በርጩማዋን ወደ እናቷ ክፍል ወሰደች። ዘሐራም እስከ ዛሬ ክር ማስገባት ስትፈልግ መርፌዋን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ሐያት ቤት ውስጥ እያለች።

ካርቶኑን ታቅፌ አልጋው ላይ እንደተቀመጥሁ ሐያት ከትምህርት ቤት ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ የእናቷን በልጧል። እጄ ላይ ያለውን አየች፤ ምንም ሳትል ወሰደችው። ብልጭልጩን ወረቀት በጣቷ ዳሰሰች፣ ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አነሳች፣ የተላቀቀውን ጠርዝ በፕላስተር አያያዘች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ግቢው መካከል ወጥታ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች፤ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ያ የቀድሞው እጅ፣ ያልተንቀጠቀጠው።

«አባየ፣ ና።»

ሄድሁ። ካርቶኑ ለእሷ ቁመት ተይዞ ነበርና ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፤ ጎንበስ አልሁ። ነጩ ወረቀት ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ክብ ብርሃን አለች። ፀሐይ ናት። ደመና ሲያልፍባት እንኳ ይታያል። ዓይኔን አልወጋችኝም።

«ታየችህ?»

«ታየችኝ።»

«አርባ ላይ ስደርስ ነበር መሐሉ የጠቆረብኝ» አለች፣ ካርቶኑን ቀጥ አድርጋ እንደያዘች፤ ያለ ቁጣ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነገር። «ግን መቶ አልሞላም ነበር።»

 በእጄ የቀረው ከእያንዳንዳችን የጎደለው ድምር ነው። ከሐያት፣ የቀኝ ዓይኗ መካከል፤ ሁሉን ፈትቶ ይገጥም ከነበረው እጇ ደግሞ አምስት ዓመት። ከዘሐራ፣ መርፌዋን ለልጇ ማቀበል። ከመምህርት ስንዱ፣ ሮጣ መጥታ የተናገረችው፣ ያልተሰማው ቃሏ። ከአጎቴ እንድሪስ፣ እኔ በሐሰት ያጎደፍሁት ስሙ። ከእኔ፣ ሐኪሙ ፊት የዋጥሁት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እስከ ዛሬ ልናገረው የምችልበትን ክፍል ያጣሁለት።

ካርቶኑን ባለሱቁ በነፃ ነበር የሰጣት።